አንዲት ዲስክ ለመገልበጥ አራት ሰው

ፖስታ ቤት የት እንደሆነ የሚጠይቀኝን ሰው እስከ በሩ ድረስ እሸኘዋለሁ። በመንገድ ላይም ቴምብሩ በየትኛው ጥግ እንደሚለጠፍ፣ የላኪው አድራሻ ለምን ከላይ በግራ እንደሚጻፍ አስረዳዋለሁ። የምመለሰው ሲሰለቸኝ ሳይሆን ሲሰለቸው ነው። መምህር ነኝ፤ ያውም የሁለተኛ ዓመት። የአንደኛ ዓመት መምህር ይፈራል፤ የአሥረኛ ዓመት መምህር ይደክመዋል። የሁለተኛ ዓመቱን ግን ደወል ካልሆነ ማንም አያቆመውም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ብነግራችሁ አትቀየሙኝ።

የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1985፣ በረዶው ሊጠፋ ሲል፣ ፓርክዴል ሰፈር በምትገኘው ባለ አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ ነው። በቶሮንቶ ያለነው ያገር ልጆች ቁጥራችን ገና ትንሽ ስለሆነ አንዱ የገዛው ዕቃ የሁሉም ነው። አንዱ መሰላል ከገዛ፣ ባለቤቱ መሰላሉን የሚያየው ሊዋስ ሲሄድ ነው። እኔ የገዛሁት ኮምፒውተር ነበር። አትደንግጡ፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ክፍል የሚሞላው ዓይነት አይደለም። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ መላ አካሉ ኪቦርድ ብቻ የሆነ የቤት ኮምፒውተር ነው። ከጎኑ የጫማ ካርቶን የሚያህል ድራይቭ አለው። ድራይቩ የሚያነበው ዲስክ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ መካከሉ የተበሳ፣ ሲይዙት የሚተጣጠፍ ነገር ነው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሲያዩት የሸክላ ዘፈን ልጅ ይመስላቸዋል።

ከነበሩኝ ዲስኮች ሁሉ የተከበረችው ታይፕ የምታስተምረዋ ነበረች። አሥራ ሁለት ትምህርት፣ ሦስት መልመጃ፣ በመጨረሻም በሰዓት የሚለካ ፈተና አላት። ማታ ማታ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለአዲስ መጤዎች የማስተምረው በእሷ ነው። ከእኔ የተሻለች መምህር ነበረች። ትዕግሥቷ አያልቅም፣ ተማሪ አታበላልጥም፣ የግል ገጠመኟንም አታወራም።

አሁን ዘይነብን ላስተዋውቃችሁ። ዘይነብ የደሴ ልጅ ናት፤ ከባሏ ከሱሌማን ጋር ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ላይ፣ በትክክል ከጭንቅላቴ በላይ ትኖራለች። ሱሌማን ታክሲ ይነዳል፣ እሷ በአንድ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። በቀን የምታነጥፈውን አልጋ ብዛት ስትነግረኝ ወገቤን የያዝኩት እኔ ነኝ። በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ክፍል የጸሐፊነት ቦታ ሲወጣ አመለከተችና ለፈተና ተጠራች። ፈተናው አንድ ብቻ ነው፤ ታይፕ። በደቂቃ አርባ ቃል። ከወደቀች ቦታው በዝርዝሩ ላይ ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ያን ጊዜ ዘይነብ በደቂቃ የምትጽፈው ሃያ ሰባት ቃል ነበር። ከሃያ ሰባት እስከ አርባ ያለውን መንገድ መዝገቤ ላይ በግራፍ አውጥቼ አሳየኋት። አየችውና «መምህር፣ ይሄ ዳገት ነው» አለችኝ።

ሱሌማን ጌም የሚጫወትበት ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ቤታቸው አለ። የጎደለው ዲስኳ ብቻ ነው። እሷን እንዳልሰጣት ማታ ማታ ስምንት ሰው ምድር ቤት ይጠብቀኛል። ዲስኳም አርጅታለች፤ ስትነሳ ክርር የሚል ድምፅ ጀምራለች። «ታዲያ ለምን አትገለብጣትም?» ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ማስረዳት ግድ ይላል። ዲስኳን የሠሩት ሰዎች ማንም እያባዛ እንዳይሸጣት ቆልፈዋታል። ቁልፉ እንደ በር ቁልፍ አይደለም። አገር ቤት መታወቂያ ሲወጣ «ልዩ ምልክት» የሚል መሥመር አለ አይደል? ግንባሩ ላይ ጠባሳ፣ ጉንጩ ላይ ጥቁር ነጥብ እየተባለ ይሞላል። በዲስኳም ላይ ሠሪዎቿ ሆን ብለው አንዲት ጠባሳ ትተዋል፤ ኮምፒውተር በተራ መንገድ ሊጽፈው የማይችል የተበላሸ ቦታ። ፕሮግራሙ ሲነሳ አስቀድሞ ጠባሳዋን ይፈልጋል። ካገኛት ያሳልፋል፤ ካጣት ባለበት ይደርቃል። ተራው የመገልበጫ ዘዴ ደግሞ ጨዋ ስለሆነ ጠባሳ ሲያይ አላየሁም ብሎ ያልፋል። ፊቷን አጽድቶ፣ አሳምሮ ይገለብጣታል። ቆንጆዋም በር ላይ ትቀራለች።

እኔ ይህን ከማወቄ በፊት አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ውጤቱን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበረኝ። «ውጤት» በሚለው ዓምድ ሥር አሥራ አንድ ጊዜ «እምቢ» የሚል ተጽፏል። ሱሌማን ሠንጠረዡን አየና «ቲቸር፣ አንዲት ሴት ስንት ጊዜ እምቢ ካለችህ በኋላ ነው የምትተዋት?» አለኝ።

መፍትሔው የተገኘው ስፓዳይና መንገድ ላይ ካለ አንድ ጠባብ ሱቅ ነው። ባለሱቁ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ጥቁር ሳጥን ከመስታወቱ ሥር አወጣና «ይህ ለራስህ መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው» አለኝ፤ ቃለ መሐላ በሚያስፈጽም ሰው ድምፅ። እኔም ሳላስበው ቀኝ እጄን አነሳሁ። ሳጥኗ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው ሶኬት ትገባለች፤ አናቷ ላይ አንዲት ቀይ መጫኛ አለች፤ ሌላ ምንም የላትም።

አሠራሯን ባወቅሁ ጊዜ ግን ባርኔጣ ባደርግ ኖሮ አነሳላት ነበር። ሳጥኗ ከጠባሳው ጋር ጠብ የላትም። ዋናዋ ዲስክ ራሷ ጠባሳዋን አሳይታ እንድትገባ ትተዋታለች። ጠባሳ ፈላጊው ዘበኛ አይቶ፣ አረጋግጦ ካሳለፋት በኋላ፣ እንግዳዋ ሳሎን ገብታ አረፍ እንዳለች ቀይዋን ትጫናላችሁ። ያኔ ኮምፒውተሩ ባለበት ቀጥ ይላል። ሳጥኗ በሜሞሪው ውስጥ ያለውን ሁሉ ፊደል ሳታዛንፍ አንስታ ባዶ ዲስክ ላይ ታሰፍረዋለች። ግልባጩ ከዚያ ወዲያ በበሩ በኩል የሚያልፍበት ጉዳይ የለውም፤ ሲነሳም የሚነሳው ሳሎን ውስጥ ነው። በጉልበት ያልተከፈተን በር በትዕግሥት ማለፍ ማለት ይህ ነው። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው ጉልበቱን እስም ነበር።

ጥበቧ ሁሉ ያለው ግን ሰዓቷን በመጠበቅ ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሞከርኩና ቸኮልኩ። ዘበኛው ገና መታወቂያዋን እያየ ሳለ ተጫንኩ። ግልባጩ ምን ሆነ መሰላችሁ? በተነሳ ቁጥር ጠባሳ የሚፈልግ ዘበኛ ብቻ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሳጥኗ አልነበረም፤ እሷ ያሳየኋትን ነው የገለበጠችው። ስለዚህ ማታውን ሰባት ተራ ቁጥር ያለው መመሪያ ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ተራ ቁጥር አምስት እንዲህ ይላል፦ «የትምህርቶቹ ዝርዝር በስክሪኑ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ፣ ያኔ ብቻ፣ ተጫን።» «ያኔ ብቻ» የሚለውን በቀይ አሰመርኩበት።

ቅዳሜ ዘይነብና ሱሌማን ወረዱ። ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። መመሪያውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ጥያቄ ካለም ጠየቅኩ። ሱሌማን እጁን አውጥቶ «ውጪ መውጣት ይፈቀዳል?» አለ። ዲስኳን አስገባኋት፣ ድራይቩ ክርር አለ፣ ዘበኛው አሳለፋት። ጣቴን ቀይዋ ላይ አሳርፌ ዝርዝሩ እስኪሞላ ስጠብቅ በሩ ተንኳኳና ጋሽ ወርቅነህ ገቡ።

ጋሽ ወርቅነህ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። አሁን ከሴት ልጃቸው ጋር በሚቀጥለው ሕንፃ ይኖራሉ። ስለ ሳጥኗ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ግልባጭ ሲባል ሰምተው ቤት የሚውሉ ሰው አይደሉም።

እንዲህ ያለ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀበል ያደገ ሰው የለም። ሦስታችንም እንደ አንድ ሰው ብድግ አልን። እኔ ብድግ ስል እጄም አብሮኝ ተነሳ፤ በእጄ የያዝኳት ሳጥንም ከሶኬቷ ተነቅላ አብራን ተነሳች። እሷም በአቅሟ ሽማግሌ አክብራ ቆመች ማለት ነው። ስክሪኑ ጨለመ።

«ኧረ ተቀመጡ፣ በእግዚአብሔር» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

እሳቸው ሳይቀመጡ እኛ አንቀመጥም፤ እኛ ሳንቀመጥ እሳቸው አይቀመጡም። በመጨረሻ ሱሌማን ቆጠረና አራታችንም በሦስት ተቀመጥን።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ በሕይወት አለ። ዲስኳ ግን በአንደኛው አልተነሳችም፣ በሁለተኛው አልተነሳችም። በሦስተኛው፣ ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ ላንድሮቨር እየጓጎረች ዝርዝሯ ድረስ መጣች። መብራት ድንገት ሲጠፋባት የደረሰባት ነገር አለ። አጠፋኋትና ወደ ዘይነብ ዞርኩ።  

«አንድ ጊዜ ትነሳልን ይሆናል» አልኩ። «ከዚያ በኋላ ለማለት አልችልም።»

«ታዲያ ይህንኑ አስቀድመህ ማድረግ ነበረብህ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «ዋናው ይቀመጣል፣ ሰው የሚሠራው በግልባጩ ነው። ዋናውን ለባለጉዳይ እያዋሰ የሚያስነካ መዝገብ ቤት፣ መዝገብ ቤት አይደለም።»

እንግዲህ አዲስ ችግር መጣ። ሳጥኗ ከተነቀለች ወዲህ ሶኬቱ ስለላላ እሷን ከኋላ በሁለት እጄ ደግፌ መያዝ አለብኝ። ስለዚህ ቀይዋን የሚጫን ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ይህ በሰባቱ ተራ ቁጥሮች ውስጥ አልተጻፈም።

ዲስኳ ጓጎረች፣ ዘበኛው አሳለፋት፣ ዝርዝሩ ሞላ። ሰዓቱ ያ ነበር።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ እርስዎ ይጫኑልን» አልኩ።

«ባለጉዳይዋ እያለች?» አሉ። «ዘይነብ ትጫን።»

«እርስዎ ቆመው እኔ እጄን ልሰድ? አይሆንም ጋሼ» አለች ዘይነብ።

«እንግዲያስ መምህሩ ነው። የደከመው እሱ ነው።»

«እኔ እጄ ተይዟል፣ እርስዎ ይጫኑ።»

«ወላሂ እርስዎ ካልተጫኑ አይነካም» አለች ዘይነብ።

«እኔ ልጫን?» አለ ሱሌማን።

ሦስታችንም በአንድ ድምፅ «አይሆንም» አልነው። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። እሱም ጠይቆን አያውቅም።

ጋሽ ወርቅነህ በመጨረሻ ተረቱ። ተነሱ፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ቆለፉ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ሳጥኗ ከኮምፒውተሩ ኋላ ስለሆነች ጎንበስ ብለው እጃቸውን በኪቦርዱ ላይ አሻግረው ሰደዱ። የካፖርታቸው እጅጌ እንደ ብርድ ልብስ ወፍራም ነው። እጅጌው በመንገዱ ላይ አራት ቁጥርን ነካ።

ትምህርቶቹ በፊደል፣ መልመጃዎቹ ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ቁጥር ይከፈታሉ፤ አራት ቁጥር ፈተናው ነው። ድራይቩ ክርር፣ ክርርር፣ ቀጥሎም እንደ ሳል ያለ ነገር አሰማ። ስክሪኑ ላይ አንድ የንግድ ደብዳቤ ወጣ፤ ከላይ በኩል ሦስት ደቂቃ የሚል ሰዓት ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። እጅጌው አሁንም እዚያው ነውና አንዲት ፊደል ጨመረ። «ስህተት፦ 1» አለ ፕሮግራሙ።

«ምን ነካሁ?» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ እጃቸውን ሰብስበው።

ይህን ልመልስ አፌን ስከፍት ታክ ታክ ታክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘይነብ ወንበሩን ስባ እየጻፈች ነው።

«ዘይነብ፣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

«ልጫን?» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

«ይጫኑ» አልኩ።

«እየጻፈች እኮ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው አይቋረጥም። ትጨርስና ልጫን።»

«ሰዓቱ ካለቀ ፈተናው ይዘጋል፣ ዲስኳም ዳግም ላትነሳ ትችላለች፤ ይጫኑ ጋሼ።»

«ያንን መሥመር እንኳ ትድረስበት።»

«ጋሼ፣ ጀስት ፑሽ ያድርጉት» አለ ሱሌማን።

ዘይነብ ሁለተኛው መሥመር አጋማሽ ላይ ስትደርስ ጋሽ ወርቅነህ በአውራ ጣታቸው፣ ማኅተም እንደሚያሳርፍ ሰው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ተጫኑ። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ላይ ቆመ። ባዶ ዲስክ አስገባን። ሳጥኗ ሥራዋን ጀመረች፤ እኛም አራታችን፣ ሐኪም እስኪወጣ በር ላይ እንደሚጠብቅ ቤተሰብ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመን ጠበቅን። ሲያልቅ አጥፍቼ አበራሁና ግልባጩን አስገባሁ።

ተነሳ። ያው ደብዳቤ፣ ያው ሁለተኛ መሥመር፣ ያው ግማሽ ቃል። «ስህተት፦ 1» የሚለውም አለ። ሰዓቱ ከአንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ምንም እንዳልተፈጠረ መቁጠሩን ቀጠለ።  እስቲ አስቡት፣ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ዕቃ አንዲት ቅጽበት ይዛ አስቀረች። ጋሽ ወርቅነህ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ግማሹን ቃል አዩትና «ከዋናው ጋር ትክክለኛ ነው» አሉ። በሕይወታቸው ስንት ሺህ ጊዜ ያሉት ቃል ይሆን።

ዋናዋ ዲስክ ግን ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም። ያቺ ሳል የመጨረሻዋ ነበረች።

ያኔ ነው የቀረንን ነገር ያስተዋልኩት። ሳጥኗ የምትገለብጠው በሜሞሪ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱ ትምህርቶች ዲስኳ ላይ ነበሩ፤ ከእሷ ጋር ሄዱ። በእጃችን ያለው የአንድ ፈተና የመጨረሻ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ነው።

«ላም ልትገዛ ሄደህ ጭራዋን ይዘህ መጣህ» አለኝ ሱሌማን።

ዘይነብ ግልባጩን ከእጄ ወሰደች። «ጭራም ቢሆን ይያዛል» አለችና ወደ ቤቷ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣሪያዬ ሰዓት ሆነ። ዘይነብ ከሆቴል ስትመለስ ጫማዋን ስታወልቅ እሰማለሁ፤ ወዲያው ታክ ታክ ታክ ይጀመራል። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ድራይቩ ያጉረመርማል፣ እንደገና ይወርዳል። ደብዳቤውን በቃሏ እንዳትይዘው ሌሎች ደብዳቤዎች በእጄ ጽፌ ሰጠኋት። እሷ ከወረቀቱ ትገለብጣለች፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም ስህተት ነው ይላል፤ እውነተኛውን እኔ እየወጣሁ እቆጥራለሁ። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ፤ ያን ቀን ሁለት ፎቅ ጨምረውባት ነበር። ሠላሳ አምስት። በግራፌ ላይ ያየኋት ቁልቁለት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የሆቴሉ ናት እንጂ የዘይነብ አይደለችም።

የሚያበሳጫት አንድ ነገር ነበር፤ ገና ሳትጀምር አንድ ስህተት ተቆጥሮባት መነሳቷ። «የጋሽ ወርቅነህ ስህተት» ትለዋለች። ወሬው እሳቸው ጋ ደረሰ። በማግስቱ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ብርቱካን በከረጢት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእኔ እጅ ባለፈ ሰነድ ላይ ስርዝ ድልዝ አልተገኘም» አሏት። «ይቺን ይቅር በዪኝ።» ዘይነብ ብርቱካኑን ተቀብላ «ጋሼ፣ ስህተትዎ ባይኖር እልክ ከየት አመጣ ነበር?» አለቻቸው። ከልቧ ይሁን ለማጽናናት ዛሬም አልለየሁትም። ያን ቀን ግን ሠላሳ ስምንት ጻፈች።

እሑድ ማታ ሠላሳ ዘጠኝ ነበረች። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ። ልጨምርላት እጄ ከጅሎት ነበር። አልጨመርኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ቀን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ ስልክ አለህ ብላ ጠራችኝ።

«መምህር፣ እኔ ነኝ።» ከሆስፒታሉ መግቢያ እየደወለች ነው፤ ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል። «አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰጡኝ። ከመጀመሪያው መሥመር፣ ከሙሉ ቃል፣ ምንም ሳይቆጠርብኝ። እንዲህ ያሉ ደግ ሰዎች አይቼ አላውቅም።»

«እና?»

«እናማ ጻፍኩ። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል እጄ ቆመ።»

«ቆመ ማለት?»

«ቆመ ነዋ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደገና እስኪነሳ እጠብቃለሁ። ፈታኟ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። በኋላ በጣቷ ወደ ሰዓቱ አሳየችኝ። ለካ ገና ሦስት ደቂቃ አለኝ።»

ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መምህር የማይቀመጥበት ጠረጴዛ ነው። «ስንት አመጣሽ?» አልኩ።

«ሦስቱን ደቂቃ እንዴት እንደጻፍኩ አታስታውሰኝ። ጣቶቼ የኔ አልነበሩም።»

«ዘይነብ፣ ስንት?»

«አርባ አንድ» አለች።  «የሚመጣው ሰኞ ሥራ ግቢ ብለውኛል። የሆቴሉን አልጋ እንግዲህ ሌላ ሰው ያንጥፍላቸው።»